የአደጋ ጊዜ ሥልጣንና ቁጥጥር ያለባቸው ዕቃዎች፦ መጠጡንም መሣሪያውንም ሞርፊኑንም አንድ አንቀጽ ይችላቸዋል?

ረቂቅ_ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። በብዙ አገር የአደጋ ጊዜ ሕግ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ አንቀጽ ላይ እንድንነጋገር ፈልጌ ነው። ቃሉ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ «የአደጋ ሁኔታ በታወጀ ጊዜ ሥልጣን የተሰጠው አካል የአልኮል መጠጥ፣ የጦር መሣሪያ፣ ፈንጂና ተቀጣጣይ ነገር ሽያጭ፣ እደላ ወይም ማጓጓዝ ሊያግድ ወይም ሊገድብ ይችላል።» አንዳንዱ ከጅራቱ «እንዲሁም ሌሎች አስፈላጊ እርምጃዎችን ሊወስድ ይችላል» የምትል ነገር ይቀጥልባታል።

ጥያቄዎቼ፦ እነዚህን ሁሉ ባንድ አንቀጽ ማጨቅ ያዋጣል ወይ? አደጋ ሲመጣ ማገድ ሳይሆን ማላላት የሚያስፈልገው ዕቃስ (ሞርፊን፣ ንጹሕ አልኮል፣ ነዳጅ) ሥልጣኑ ከየት ይመጣል? ትእዛዙ ሲያበቃ የተያዘውና የተረፈው ምን ይሆናል? «ሚዛኑን የጠበቀ ይሁን» የሚል መልስ ረቂቅ ላይ አይገባምና በዝርዝር ጻፉልኝ።

ሕግ_ከሥር

የመጀመሪያውን ጥያቄ ደቡብ አፍሪካ በደንብ ትመልስልሃለች። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2002 የወጣው የአደጋ አስተዳደር ሕጋቸው አንቀጽ 27 ላይ ሚኒስትሩ ብሔራዊ የአደጋ ሁኔታ ካወጀ በኋላ ደንብ ሊያወጣባቸው የሚችሉት ጉዳዮች ተዘርዝረዋል። የአልኮል መጠጥ ሽያጭ፣ እደላና ማጓጓዝ እዚያ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጠርቷል። ትምባሆ አልተጠራም። በማርች 2020 መጨረሻ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት አገሩ ሲዘጋ ግን የሁለቱም ሽያጭ ታገደ። የትምባሆው እገዳ የተንጠለጠለው «ሌሎች አስፈላጊ እርምጃዎች» በምትለው ጅራት ላይ ነበር፤ እስከ ኦገስት 17 ቀን 2020 ድረስም ቆየ።

ፍርድ ቤት ሲደርስ ልዩነቱ ወጣ። በጁን 2020 ፕሪቶሪያ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት «እርምጃው ከዓላማው ጋር ምክንያታዊ ግንኙነት አለው ወይ?» ብሎ ብቻ ጠየቀና መንግሥት ረታ። በዲሴምበር 2020 የምዕራብ ኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን ጥያቄውን ቀየረው፦ «ሕጉ ‹አስፈላጊ› ነው የሚለው፤ በእርግጥ አስፈላጊ ነበር ወይ?» እዚህ ላይ መንግሥት ተረታ። የይግባኝ ሰሚው ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጁን 2022 ያንኑ አጸና።

ለረቂቅ ሠሪ ዋናው ነገር ከዕቃው እስከ አደጋው ያለው የምክንያት ሰንሰለት ርዝመት ነው። የአልኮሉ ሰንሰለት አጭር ነው፦ ሽያጭ ሲቆም ሰክሮ የሚጋጭና የሚደባደብ ይቀንሳል፣ የድንገተኛ ክፍል አልጋ ይለቀቃል። ሆስፒታል በየሳምንቱ ሊቆጥረው ይችላል። (የሰዓት እላፊውም የራሱ ድርሻ ስለነበረው ሁሉንም ለመጠጡ መስጠት አይቻልም።) የትምባሆው ረጅም ነው፦ ሽያጩ ይቆማል፣ ሰዉ ማጨሱን ይተዋል ተብሎ ይገመታል፣ የተወው ሰው ቢታመም ሕመሙ ይቀልለታል ተብሎ ይገመታል፣ በዚህም አልጋ ይተርፋል ይባላል። ሁለተኛው ቀለበት ላይ ተበጠሰ፤ አጫሹ በብዛት ከኮንትሮባንድ እየገዛ ቀጠለ፣ ታክሱም ቀረ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ ይጠራ፤ ከጎኑም የሚታገድበት ምክንያትና መለኪያው ይጻፍ። መለኪያ ያልተገኘለት ዕቃ መጀመሪያውኑ ዝርዝሩ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

አደጋ_መከላከል24

ሕግ_ከሥር፣ የጻፍከው ያሳምናል፤ ግን ዝርዝር ብቻ ይዘህ አደጋ ልትገጥም አትችልም። ከ2020 በፊት የፊት ጭንብል በማን ዝርዝር ውስጥ ነበር? ጅራቷን ቆርጠህ ከጣልካት በሚቀጥለው ጊዜ ምክር ቤት እስኪሰበሰብ ትጠብቃለህ።

ሕግ_ከሥር

ጅራቷ ትቅር አላልኩም፤ ሥራዋ ይለወጥ ነው የምለው። ሕንድን ተመልከት። የ1955ቱ የመሠረታዊ ሸቀጦች ሕጋቸው መንግሥት በትእዛዝ አዲስ ዕቃ ወደ ዝርዝሩ እንዲጨምር ይፈቅዳል። በማርች 13 ቀን 2020 ጭንብልና የእጅ ማጽጃ እስከ ጁን 30 ተብሎ ተጨመረ። ምክር ቤት አልተጠበቀም፤ ዕቃው ግን ስም አለው፣ የማብቂያ ቀንም አለው። ጅራቷ «ማንኛውንም እርምጃ» ከምትል «በዝርዝሩ ላይ በስም የተጠቀሰ ዕቃ ለመጨመር፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ወጥቶ፣ ከይህን ያህል ቀን ላልበለጠ ጊዜ» ብትል ፍጥነቱም ይገኛል ተጠያቂነቱም አይጠፋም።

ፋርማሲ_ጓዳ

እስካሁን የተወራው ስለ ማገድ ነው። በሕክምናው በኩል ሰው የሚጎዳው ግን በአብዛኛው ሕጉ ሳይላላ ሲቀር ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በ1961ዱ የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት አንቀጽ 31 መሠረት ሞርፊን ከአገር አገር ሲሄድ ለእያንዳንዱ ጭነት ሁለት ወረቀት ያስፈልገዋል፦ መጀመሪያ የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ፣ እሱን ተከትሎ የላኪው አገር የመላኪያ ፈቃድ። በደህናው ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል። የመሬት መንቀጥቀጥ የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን ራሱ ካፈረሰው የማስገቢያ ፈቃዱን የሚፈርም ሰው የለም፤ አጥንቱ የተሰበረው ሰው ግን ማስታገሻውን ዛሬ ነው የሚፈልገው።

ለዚህ ተብሎ በ1996 የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ቁጥጥር ቦርድ ጋር ተማክሮ የናሙና መመሪያ አውጥቷል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የላኪው አገር ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ሳይጠብቅ መላኩን ይፈቅዳል፤ የተላከው መጠን የላኪው አገር ለዓመቱ ያስፈልገኛል ብሎ ለቦርዱ ካሳወቀው ግምት ውስጥ እንደተበላ ተደርጎ ይያዛል፤ መብቱ የሚሰጠው ግን አስቀድሞ ከባለሥልጣኑ ጋር ስምምነት ላለው የታወቀ አቅራቢ ብቻ ነው። ማመልከቻው ላይ የላኪና የተቀባይ ማንነት፣ መድረሻው ላይ ኃላፊነት የሚወስደው ሰው፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የአደጋው ዓይነት፣ የተቀባዩ አገር ባለሥልጣን ሊገኝ መቻል አለመቻሉ፣ ፊርማና ቀን ይሰፍራል። ይህ መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም። አገሩ በራሱ ሕግ ውስጥ ካላስገባው የጉምሩክ ሠራተኛው አያውቀውም፤ ቢያውቀውም አይታዘዝለትም። ረቂቁ ውስጥ መግባት ያለበት ይህ ነው።

ሁሉንም መድኃኒት «ናርኮቲክ» ብሎ ማለፍም ጣጣ አለው፦

ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ፌንታኒል በ1961ዱ ስምምነት ሥር ናቸው። ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታል የ1971ዱ የሳይኮትሮፒክ (በአእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች) ስምምነት አራተኛ ሰንጠረዥ ላይ ስላሉ ዓለም አቀፍ ቁጥጥሩ ቀለል ይላል፤ ብዙ አገር ግን በራሱ ሕግ ፈቃድ ይጠይቃል። ኬታሚን በሁለቱም ስምምነቶች ውስጥ የለም፤ ሆኖም በብሔራዊ ዝርዝራቸው ያስገቡት አገሮች አሉ። የኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ እጥረት ባለበት ድንኳን ውስጥ እግር ለመቁረጥ የሚታመንበት ማደንዘዣ ደግሞ ኬታሚን ነው። ማላላቱ «በዓለም አቀፍ ስምምነት የሚቆጣጠሩ መድኃኒቶች» ብሎ ከተጻፈ ኬታሚኑ በር ላይ ይቀራል። «በዚህ አገር ሕግ ፈቃድ የሚጠይቁ መድኃኒቶች» ይባል።

ጎብኚ_ተማሪ

አመሰግናለሁ ፋርማሲ_ጓዳ። ካላላነው ግን ስርቆቱን ምን ይይዘዋል?

ፋርማሲ_ጓዳ

መዝገቡ። የሚላላው ፈቃዱ እንጂ ቆጠራው አይደለም።

የሞርፊን አምፑል በአብዛኛው 1 ሚሊ ሊትር ሆኖ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። ሐኪሙ 5 ሚሊ ግራም ካዘዘ ግማሹ ይደፋል። መዝገቡ ላይ «የተደፋ» የሚል ዓምድ ከሌለ በወሩ መጨረሻ የተሰጠው መጠንና የወጣው አምፑል አይገጥምም፤ ኦዲተር ሲመጣ ጉድለቱን ስርቆት ይለዋል፣ ነርሷም ትጠየቃለች። ስለዚህ አንድ መስመር ላይ ቀንና ሰዓት፣ የበሽተኛው ካርድ ቁጥር፣ የወጣው አምፑል፣ የተሰጠው መጠን፣ የተደፋው መጠን፣ የሁለት ሰው ፊርማ፣ ቀሪ ሒሳብ። ወድቆ የተሰበረም ካለ በራሱ መስመር ይመዘገባል፤ ስብርባሪው ሁለተኛው ፈራሚ እስኪያየው አይጣልም። ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ ገጹ የተቆጠረና የተሰፋ ደብተር ይበቃል። ልቅ ወረቀት ግን በፍጹም።

አገር ውስጥ ላለው ማዘዣም ጥሩ አብነት አሜሪካ ነው። ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት በድንገተኛ ጊዜ ሐኪሙ በስልክ ሊያዝ ይችላል፤ ፋርማሲስቱ እዚያው ይጽፈዋል፣ የሚሰጠው ለድንገተኛው ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ነው፣ ሐኪሙም በ7 ቀን ውስጥ የተጻፈ ማዘዣ ማድረስ አለበት። ካላደረሰ ፋርማሲስቱ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ግዴታው ነው። ከሱስ ለመላቀቅ ሜታዶን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱትን ደግሞ አትርሷቸው። በየቀኑ ክሊኒክ እየሄዱ የሚወስዱት መድኃኒት መንገድ ሲዘጋ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። በማርች 2020 አሜሪካ ሁኔታቸው ለተረጋጋ ሰዎች እስከ 28 ቀን፣ ለሌሎቹ እስከ 14 ቀን የሚሆን ወደ ቤት እንዲሰጣቸው ፈቀደች።

ጉምሩክ_በር

ፋርማሲ_ጓዳ ባለው ላይ የመጋዘኑን በኩል ልጨምር። በር ላይ ጭነት የሚያስይዙት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ግን ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው።

አንደኛ፣ መቀላቀል። አርባ ካርቶን ፋሻና ጨው ውስጥ አንድ ካርቶን ሞርፊን ካለ አርባውም ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ ጊዜ የጤና ኪት፣ ያ ለ10,000 ሰው ለ3 ወር ያህል የሚታሰበው፣ ናርኮቲኩንና ሳይኮትሮፒኩን በተለየ ሞጁል ያደረገው ለዚሁ ነው። ላኪ ሁሉ እንዲሁ ማድረግ አለበት፦ የተለየ ሣጥን፣ የተለየ ኤርዌይ ቢል (የአየር ጭነት ሰነድ)፣ የተለየ ኢንቮይስ።

ሁለተኛ፣ የመጠን አጻጻፍ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፈቃድ ላይ የሚሰፍረው የንጹሕ ቤዝ (ጨው ያልተጣመረበት የመድኃኒቱ) ክብደት ነው፤ አምራቹ ኢንቮይስ ላይ የሚጽፈው የጨዉን (ሰልፌቱን) ክብደት ነው። የሞርፊን ሰልፌት ቤዝ 75 ከመቶ ገደማ ነው። 1,000 አምፑል እያንዳንዱ 10 ሚሊ ግራም ሰልፌት ሲይዝ ኢንቮይሱ 10 ግራም ይላል፣ ፈቃዱ 7.5 ግራም ይላል፤ ፈታሹ ልዩነቱን አይቶ ያስቀምጠዋል። ልክም ነው፤ የተሰጠው ወረቀት አይገጥምምና። መፍትሔው ኢንቮይሱ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ማስፈር ነው።

ሦስተኛ፣ ተቀባዩ። «ለአደጋው ተጎጂዎች» ተብሎ የተላከ ሣጥን ተቀባይ የለውም ማለት ነው። የሰው ስምና ተተኪው ይጻፍ፤ ያ ሰው ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላልና።

ማላላቱ ለማንም ላኪ እንዳይሆንም ተጠንቀቁ። በዲሴምበር 1988 አርሜኒያ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ቢያንስ 5,000 ቶን መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ጎረፈ፤ ብዙው ለአደጋው የማይሆን፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ማንም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈበት ነበር። መለየቱ ራሱ የሰው ኃይል በላ።

ከመድኃኒት ውጭ አንድ ነገር ልበልና ላብቃ፦ የሳተላይት ስልክና የሬድዮ መገናኛም በብዙ አገር ፈቃድ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። በ1998 ተፈርሞ በጃንዋሪ 2005 ሥራ ላይ የዋለው የታምፔሬ ስምምነት አገሮች ይህን መሰናክል ለእርዳታ ሥራ እንዲያነሱ ይጠይቃል። ረቂቁ ውስጥ አንድ መስመር ስጡት።

ነጻ_አስተያየት

መሣሪያውን ሁሉም እየዘለለው ነው። በአደጋ ጊዜ ፖሊስ ሰፈር ደርሶ መመለስ ሲያቅተው የዜጋውን መሣሪያ መንጠቅ ምን ይባላል? በ2005 ኒው ኦርሊንስ ላይ የሆነውን አይተናል።

ሕግ_ከሥር

አልዘለልነውም፤ ተራው አልደረሰም ነበር። የካትሪና ማዕበል በኦገስት 2005 መጨረሻ ከመታ በኋላ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሕጋዊ መሣሪያ ጭምር ተሰበሰበ። በሴፕቴምበር 23 የፌዴራል ፍርድ ቤት አስቆመው። በ2006 ኮንግረሱ ስታፎርድ በሚባለው የአደጋ እርዳታ ሕግ ላይ ቁጥር 706ን ጨመረ፦ በአደጋ ጊዜ የፌዴራል ሠራተኛም ሆነ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል አካል ሌላ ሕግ ያልከለከለውን መሣሪያ መውረስ ወይም አዲስ ምዝገባ መጠየቅ አይችልም። አንድ ልዩ ሁኔታ ትቷል፤ ለረቂቅም የሚጠቅመው እሱ ነው፦ ሰው ወደ ነፍስ አድን ጀልባ ወይም መኪና ሲሳፈር መሣሪያውን ለጊዜው እንዲያስረክብ ማድረግ ይቻላል፤ ጉዞው ሲያበቃ ይመለስለታል።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሰሜን ካሮላይና ነው። በፌብሩዋሪ 2010 ለበረዶ ውሽንፍር የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በወቅቱ የነበረው ሕግ አዋጅ በጸናበት አካባቢ ከቤት ውጭ መሣሪያ መያዝን በራሱ ጊዜ ይከለክል ነበር። በረዶን ለመቋቋም የወጣ አዋጅ ማንም ሳያስበው የመሣሪያ እገዳ ሆነ ማለት ነው። በ2012 የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። እገዳ ከአዋጁ ጋር ተጣብቆ በራሱ እንዳይነሣ፤ ለብቻው ይታዘዝ።

አደራ የሚቀበል አካል ደግሞ ደረሰኙን ያሟላ፦ ዓይነት፣ የፋብሪካ ቁጥር፣ የጥይት ብዛት ለብቻው፣ የተረከበው ሠራተኛ ስም፣ ቦታና ሰዓት። ሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ መሣሪያው ላይ ይታሰር። ደረሰኝ ካልተሰጠ በኋላ ባለቤቱ «የኔ መሆኑን አስረዳ» ይባላል፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ማስረጃ ደግሞ በጎርፉ ሄዷል።

ኬሚ_ላብ

ስለ አልኮል የተነሳው መጠጡ ብቻ ነው። መጠጡ ውስጥ ያለው አልኮል፣ ኢታኖል፣ ግን የእጅ ማጽጃም ጥሬ ዕቃ ነው። በ2020 ብዙ መንግሥት ባንድ እጁ መጠጥ እያገደ በሌላው መጠጥ ፋብሪካዎች ማጽጃ እንዲያመርቱ ይፈቅድ ነበር። ሁለቱ ትእዛዞች ካልተናበቡ ታንከሩ መንገድ ላይ ይቆማል። የእገዳው ቃል «ለመጠጥ የተዘጋጀ» ይበል።

የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ለ10 ሊትር፦ 96% ኢታኖል 8,333 ሚሊ ሊትር፣ 3% ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ 417 ሚሊ ሊትር፣ 98% ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፤ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም የተጣራ ውኃ። ጠርሙስ ውስጥ ከተሞላ በኋላ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ፐሮክሳይዱ የተጨመረው እጅ ለማጽዳት ሳይሆን በአልኮሉና በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ስፖር (አልኮል የማይገድለውን የባክቴሪያ ዘር) እንዲገድል ነውና ጊዜ ይፈልጋል። ቸኩሎ በማግስቱ የሚያድል አለ፤ ያ ስህተት ነው።

የውጤቱ ጥንካሬ 80% ሲሆን እሳት ሊይዝ የሚችልበት ሙቀት 17.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በተራ ክፍል ሙቀት ትነቱ ይቀጣጠላል ማለት ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የመጋዘን አየር መተላለፊያ፣ የሚከማች መጠን ጣሪያና ከእሳት ርቀትን ካልያዘ «ተቀጣጣይ ነገር» ከሚለው የራሱ እገዳ ጋር ይጋጫል።

ትልቁ አደጋ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ነው። ፋብሪካ የአልኮል መጠን የሚለካው በአልኮሎሜትር ነው፤ መሣሪያው የሚያነበው እፍጋትን ነው፤ የሜታኖልና የኢታኖል እፍጋት ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ንባቡ 80 ቢልህም ውስጡ ምን እንዳለ አልነገረህም። የሚለየው ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባለው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። በጁን 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሜታኖል ያለባቸውን ማጽጃዎች በስም እየጠራ አስጠንቅቋል። ፈቃዱ «እያንዳንዱ የገባ ታንከር ለሜታኖል ተመርምሮ» ይበል። የማይጠጣ እንዲሆን መራራ ነገር መጨመሩም ግዴታ ይሁን፤ መጠጥ በታገደበት ወር ማጽጃ የሚጠጣ ሰው አይጠፋም።

ማደያ_ጥበቃ

ነዳጅን ባጭሩ። የሳንዲ ማዕበል በ2012 ከመታ በኋላ ኒው ጀርሲ በ12 ካውንቲዎች በሰሌዳ መጨረሻ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ ቀን እየለየች ታድል ነበር። ሰልፉ አጠረ። የችግሩ ምንጭ ግን ነዳጅ መጥፋቱ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ ማደያ ፓምፑን የሚያንቀሳቅስ መብራት አልነበረውም፣ የማከማቻ ተርሚናሎችም ተጎድተው ነበር። ኒው ዮርክ በ2013 በመልቀቂያ መንገዶች አጠገብ ያሉ ማደያዎች ጄኔሬተር የሚሰካበት መስመር እንዲያዘጋጁ ሕግ አወጣች። እኔ ለረቂቁ የምመርጠው ይህንን ነው።

«በጀሪካን መሸጥ ክልክል ነው» የሚለውን በጅምላ አትጻፉ። ለሁከት ጊዜ የተጻፈ እገዳ በጎርፍ ጊዜ ሲሠራ የክሊኒኩን ጄኔሬተር ያጠፋል። ለሆስፒታል፣ ለውኃ ፓምፕና ለመገናኛ ማማ ቫውቸር ይዘጋጅ፤ በጀሪካንም ይሁን በበርሜል በቫውቸሩ ይቀዳ፤ ዕቃው መሬት ላይ ተቀምጦ ይሞላ እንጂ መኪና ላይ እንዳለ አይሞላ፣ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ይቀጣጠላልና።

የጊዜ ገደብም ካስፈለጋችሁ የአሜሪካ የነዳጅ ጥራት ደንብ በአደጋ ጊዜ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ከ20 ቀን አይበልጥም፤ ካስፈለገ እንደገና ተጠይቆ ይታደሳል።

ረቂቅ_ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ቀረ፦ ትእዛዙ እኩለ ሌሊት ላይ ቢያበቃ በዚያች ሰዓት መንገድ ላይ ያለው ሞርፊንና መጋዘን ያለው መሣሪያ ሕጋዊነቱ ምንድን ነው?

ሕግ_ከሥር

ካልተጻፈ ሕገወጥ ይሆናል፤ ትናንት የተፈቀደለት አሽከርካሪ ዛሬ አዘዋዋሪ ነው። «ትእዛዙ ከማብቃቱ በፊት የተነሣ ጭነት እስከ መድረሻው በፈቃዱ ይጸናል» የሚል የመሸጋገሪያ አንቀጽ አስገባ። በደቡብ አፍሪካው ሕግ የአደጋ ሁኔታው በ3 ወር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየአንዳንዱ ወር ሊራዘም ይችላል፤ መራዘሙን ቀኑ ሳያልፍ በመንግሥት ጋዜጣ ማሳወቅ የአንተ ሥራ ነው። መሣሪያው ደግሞ ደረሰኝ ላለው ሁሉ በተወሰነ ቀን ይመለስ፤ በዚያ ቀን ያልመጣው ሰው ንብረቱ አይወረስ፣ ዳግመኛ ይጠራ።

ፋርማሲ_ጓዳ

መድኃኒቱ ላይ፦ ትእዛዙ ያበቃ ዕለት ጠዋት ቆጠራ፣ ማታ ሌላ ቆጠራ አይሠራም፤ አንድ ቆጠራ በአንድ ሰዓት በሁሉም ጣቢያ ይሁን፤ አለበለዚያ አንዱ ሣጥን ሁለት ቦታ ይቆጠራል። ቀሪው በሦስት ይከፈላል፦ ያልተከፈተና ጊዜው ያለው ወደ ማዕከላዊ መጋዘን፤ የተከፈተው ሣጥን ቁጥሩ ተጽፎ እዚያው በቁልፍ፤ ጊዜው ያለፈውና የተበላሸው በኮሚቴ ፊት ይወገዳል። ሞርፊኑ ያለ ማስገቢያ ፈቃድ፣ በላላው አሠራር የገባ ከሆነ ለላኪው አገር ባለሥልጣን ምን ያህል ጥቅም ላይ እንደዋለና ምን ያህል እንደተረፈ ሪፖርት ይላክ። የተረፈውን ወደ መጣበት መመለስ ቢታሰብ ግን አዲስ ጭነት ነው፤ የማስገቢያና የመላኪያ ፈቃድ ሁለቱም እንደገና ያስፈልጉታል።